የኮሊዩር መስኮት ከከዚራ ሲታይ

“ጋሼ፣ እኔን የጎደለኝ ባሕር ነው” አለኝ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠናል። አሥር ሰዓት አልፏል፤ ሙቀቱ ግን ገና አልለቀቀም። ልጁን ከዓመታት በፊት ሥዕል አስተምሬዋለሁ። አሁን የጁገል በሮችንና ቅርጫት የተሸከሙ የሐረር ሴቶችን እየሣለ ለቱሪስት ይሸጣል። እጁ ጥሩ ነው። ሥራው ግን አንገሽግሾታል።

“አንዱን በር ስንት ጊዜ ልሣለው አቦ? ጅቡቲ ወርጄ አንድ ወር ብቀመጥ እለወጣለሁ።”

አልሳቅኩበትም። ነገሩ ግን ያስቃል። ሙቀት ሲበረታ የጅቡቲ ሰዎች ባሕራቸውን ጥለው ወደ እኛ ይወጣሉ። ድሬ ለእነሱ ደጋ ናት። እሱ ደግሞ እነሱ የሸሹትን ፍለጋ ሊወርድ ነው።

ሐሳቡ ግን ከእሱ አልተጀመረም። ባሕር ዳር ከርመው ሥራቸው ሌላ የሆነ ሠዓሊዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉም እያንዳንዱ እርምጃ ተመዝግቦ የቀረው የአንሪ ማቲስ ጉዳይ ነው። ዓመቱ 1905፣ ቦታው ኮሊዩር የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ደቡብ ፈረንሳይ፣ የስፔን ድንበር አጠገብ። ያን ቀን ለልጁ የነገርኩት ይህንኑ ነው። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ክረምት የምለውም እንደ እኛ ሐምሌና ነሐሴን ነው፤ ለፈረንሳይ የሙቀት ወራት ናቸው።

ሰውየው

ማቲስ የባሕር ልጅ አይደለም። በ1869 የመጨረሻ ቀን ሰሜን ፈረንሳይ ተወለደ። ያደገው ቦኤን በምትባል የሸማኔዎች ከተማ ነው። አባቱ እህልና ዘር ይነግድ ነበር። ሰማዩ ግራጫ ነው። ደማቅ ቀለም የሚታየው ለፓሪስ ገበያ በሚሸመነው ሐር ላይ ነው። ይህችን ሐር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሕግ ተማረ። ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆነ። ሃያ ዓመቱ ላይ ትርፍ አንጀት አልጋ ላይ ጣለው። እናቱ ጊዜ ይግፋበት ብላ የቀለም ሳጥን ገዛችለት። በቃ፣ ጥብቅናው እዚያ ላይ አበቃ።

1905 ሲገባ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። የሦስት ልጆች አባት ነው። ስሙ በሠዓሊዎች ዘንድ ይታወቃል፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ሚስቱ አሜሊ ለጥቂት ዓመታት ባርኔጣ እየሠራች በመሸጥ ቤቱን ይዛው ነበር። በዚያ ላይ ወላጆቿ ሲያገለግሉት የኖሩት ሀብታም ቤተሰብ አጭበርባሪ ሆኖ ተገኘና የእነሱም ስም አብሮ ተነሣ። ኋላ ነጹ። ድካሙ ግን ቤቱ ውስጥ ቀረ።

አራት ባሕር

ልጁ እዚህ ጋ አቋረጠኝ። “ከዚያ ባሕር አየና ተለወጠ፤ አይደል?”

አይደለም። ነገሩ የሚጠምመው እዚህ ላይ ነው። ኮሊዩር የማቲስ የመጀመሪያ ባሕር አይደለም። አራተኛው ነው።

የመጀመሪያው በምዕራብ ፈረንሳይ፣ አትላንቲክ ላይ ያለች ቤል ኢል የምትባል ደሴት ናት። ከ1895 እስከ 1897 በየክረምቱ ሄዷል። እዚያ የሚኖር ጆን ራስል የሚባል አውስትራሊያዊ ሠዓሊ ዓይኑን ከፈተለት። ቡናማውና ግራጫው ከሸራው መውጣት የጀመሩት ያኔ ነው። ሁለተኛው ኮርሲካ ነው፤ በ1898 አሜሊን እንዳገባ ግማሽ ዓመት ያህል ከረሙበት። የደቡብን ፀሐይ መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው።

ሦስተኛው ሴን ትሮፔ ነው፤ የ1904 ክረምት። ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም የሚጠቅመን ይህኛው ነው። ባሕሩ ያው ሜዲትራኒያን ነው። ፀሐዩም ያው የደቡብ ፀሐይ ነው። ሰውየውም ያው ማቲስ ነው። ከኮሊዩር የሚለየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሆኖም እዚያ ተዓምር አልተሠራም።

ለምን? እኔ የምለው፣ አጠገቡ ፖል ሲንያክ ስለነበር ነው። ሲንያክ በከተማዋ ቤት ያለው፣ ጀልባ ወዳድ፣ የተከበረ ሠዓሊ ነው። ደግሞም ሕግ አለው። የነጥብ ስልት የሚባለው ሕግ ነው። ቀለም አይቀላቀልም። ንጹሕ ሰማያዊ ነጥብ ታስቀምጣለህ፣ አጠገቡ ንጹሕ ቢጫ ነጥብ። ራቅ ብሎ የሚያየው ሰው ዓይን ራሱ ያዋሕደዋል። የሐረርን ሙዳይ አስቡት። ቀዩ አለላ ከአረንጓዴው ጎን ይዞራል እንጂ አይደባለቅም። ከበር ላይ ቆማችሁ ስታዩት ግን ሌላ ሦስተኛ ቀለም ይንቀጠቀጣል።

ማቲስ ሕጉን ተከተለ። ከዚያ ክረምት የወጣው ትልቅ ሥዕል ባሕር ዳር ራቁታቸውን የሚዝናኑ ሴቶችን ያሳያል። በ1905 ጸደይ ፓሪስ ላይ ታየ። ሲንያክ ደስ ብሎት ራሱ ገዛው። ተማሪው ፈተናውን አለፈ ማለት ነው።

ማቲስ ግን ደስ አላለውም። መስመሩ አንድ ነገር ይላል፣ ነጥቡ ሌላ። መስመሩ ሰውነቱን ሊያቅፈው ሲል ነጥቡ ይበትነዋል። ይህን በሐምሌ 1905 ከኮሊዩር በደብዳቤ ለራሱ ለሲንያክ ጽፎለታል፦ በዚያ ሥዕል ውስጥ ንድፉና ቀለሙ ተስማምተው አይተሃል? ለእኔ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ እንዲያውም ይጣላሉ። ቃል በቃል ሳይሆን መንፈሱ ይህ ነው። ሥዕልህን ለገዛ ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ለገሃር

ኮሊዩር የደረሰው በግንቦት አጋማሽ 1905 ነው። የአሜሊ እህት አቅራቢያው ባለች ፔርፒኛን በምትባል ከተማ መምህርት ነበረች። ቦታውም ርካሽ ነው። ያረፈው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች ትንሽ ሆቴል ነው። ስሟ በፈረንሳይኛ “ኦቴል ደ ላ ጋር”፤ የጣቢያው ሆቴል።

“ላ ጋር” የሚለውን ስናገር ልጁ ፈገግ አለ። ለገሃር ማለት ነው። ባቡሩ ለፈረንሳይም ለእኛም አንድ ቃል ትቶ አለፈ። በዚያ ዓመት ድሬዳዋ ራሷ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚህ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ላይ ነው። ማቲስን ባቡር ወደ ባሕር አወረደው፤ የእኛው ደግሞ ባሕሩን ተሸክሞ ወደ እኛ ወጣ። ጨርቅ፣ ሩዝ፣ መስታወት፣ ቆርቆሮ።

ኮሊዩር የአንቾቪ ዓሣ የምታጠምድ ትንሽ ከተማ ነበረች። በድሮ ዘመን ለመርከቦች መብራት ያሳይ የነበረ የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ባሕሩ ውስጥ ቆሟል። የጀልባዎቹ ምሰሶ ዘመም ይላል። ማቲስ መጀመሪያ ላይ እዚያም ነጥብ ይሥል ነበር። የባሕሩ አየር ነክቶት ወዲያው ነጻ አልወጣም።

ሐምሌ ሲገባ ሁለተኛው ሰው ደረሰ። አንድሬ ደሬን ይባላል። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከወታደርነት ከተለቀቀ ዓመት አልሞላውም። ወላጆቹ ሥዕል ሥራ አይደለም ብለው አስቸግረውት ነበር። ማቲስ ሚስቱን ይዞ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው። እኛ አገር ሽማግሌ ይላካል እንደምንለው ነው። ወላጆቹ እሺ አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ሴን ትሮፔ ላይ ማቲስ ከታላቁ ጎን ነበር። ኮሊዩር ላይ ከታናሹ ጎን ነው። ታናሹ ሕግ የለውም። ፈርቶ የሚጠብቀው ስምም የለውም። ሁለቱ እርስ በርስ ፊታቸውን ሣሉ። ደሬን ማቲስን በጺሙና በፒፓው ሣለው፤ ማቲስ ደሬንን ቀይ ኮፍያ አድርጎ። ሁለቱም ሥዕሎች ዛሬ ለንደን፣ ቴት ሙዚየም ናቸው። ስታዩአቸው የሚሥሉ ሰዎች አይመስሉም። የሚፎካከሩ ልጆች ይመስላሉ።

ጥላው ምን ዓይነት ነው?

በሐምሌ መጨረሻ ደሬን ለጓደኛው ለቭላማንክ ደብዳቤ ጻፈ። እዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ ይላል። አንደኛው ብርሃንን የሚመለከት ነው፦ እዚህ ብርሃኑ ስለሚበረታ ጥላ የሚባለው ጥቁር ነገር የለም፤ ጥላው ራሱ ሌላ ብርሃን ነው። ሁለተኛው፣ ያን የነጥብ ስልት ከነኮተቱ ማራገፍ አለብኝ።

ይህን ስነግረው ልጁ ተጠራጠረ። “ጥላማ ጥላ ነው ጋሼ።”

ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ከፊታችን የቆየ ቤት አለ። ግድግዳው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። የዛፉ ጥላ በላዩ ላይ ወድቋል።

“ጥላው ምን ዓይነት ነው?”

“ጥቁር።”

“ስልክህን አውጣ።”

የስልኩ ሽፋን ጥቁር ነው። ሄዶ ጥላው መሐል ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያዘው። ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ቅርንጫፎቹ መሐል ሰማዩን አየ። እንደገና ግድግዳውን አየ። ከዚያ ዝም አለ። ባጃጅ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። እጁ አልወረደም።

“ሰማያዊ ነው” አለ። ቆየና፣ “አይ፣ ወይን ጠጅ ነው። አቦ ምንድን ነው ይሄ!”

ምስጢር የለውም። ጥላ ላይ ፀሐይ አይደርስም እንጂ ሰማይ ይደርሳል። ሰማዩ ሰማያዊ ስለሆነ ጥላውም ወደዚያው ያዘነብላል። በዚያ ላይ ዓይናችን ቢጫ ሲበዛበት አጠገቡ ወይን ጠጅ ይፈልጋል። ይህን ዓይን የሚያደርገውን ነገር ደንብ አድርጎ የጻፈው ሸቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ በ1839። የሚገርመው ሰውየው ሠዓሊ አልነበረም። ፓሪስ ውስጥ በሚገኝ የመጋረጃና የምንጣፍ ሽመና ድርጅት የክር ማቅለሚያ ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ለምን ይፈዝዛል ብለው ቢጠይቁት፣ ችግሩ ክሩ ላይ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ቀለም ላይ ነው አለ። የቦኤን ሸማኔዎች ሐር እዚህ ላይ ትመጣለች። ማቲስ በልጅነቱ ይህን በዓይኑ ሲያይ ነው ያደገው። ሐረር መኪና ግርግር ላይ ጨርቅ ሲመረጥ ያየ ሰውም ያውቀዋል። ነጋዴው ጨርቁን ለብቻው አይዘረጋም። ሌላ ጨርቅ አጠገቡ ጣል ያደርጋል።

ልጁ ስምንት ዓመት ጥላን በጥቁር ሲሥል ኖሯል። እኔም ያስተማርኩት ሰው ነኝ። ጥፋቱ ከፊሉ የእኔ ነው።

ድሬዳዋ የምትገባበት ቦታ

የኮሊዩር ታሪክ ሲነገር ባሕሩና ፀሐዩ ብቻ ይነሣሉ። እኔ ግን አንድ የቤት ግድግዳ አስቀድማለሁ።

በዚያ ክረምት ማቲስና ደሬን ከባሕሩ ራቅ ብለው ወደ ተራራው ወጡ። እዚያ ጆርጅ ዳንኤል ደ ሞንፍሬድ የሚባል ሠዓሊ ይኖር ነበር። ይህ ሰው የፖል ጎጋን የልብ ጓደኛ ነበር። ጎጋን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1903፣ ከፓሪስ በጣም ርቆ በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ሞቷል። ከዚያ የላካቸው ሥዕሎች ብዙዎቹ በጓደኛው ቤት ነበሩ። ፓሪስ ገና በቅጡ አላያቸውም። ማቲስና ደሬን አዩአቸው። ቀይ መሬት፣ ወይን ጠጅ ጥላ፣ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ቀለም። ነጥብ የለም። መስመሩ ቀለሙን ያቅፈዋል፤ አይጣላውም። ማቲስ ለሲንያክ ያቀረበው ጥያቄ መልስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ታዲያ ድሬዳዋ ምን አገባት? የዚህ ሰው ልጅ አንሪ ደ ሞንፍሬድ ነው። ድሬ ውስጥ ስሙ እንግዳ አይደለም። በ1911 ጅቡቲ መጣ። የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆኖ ድሬዳዋ ሠራ። ኋላ በቀይ ባሕር ላይ ጀልባ ገዝቶ ዕንቁ፣ መሣሪያና ሐሺሽ ሲያመላልስ ኖረ። ድሬዳዋ ላይ የዱቄት ወፍጮና የመብራት ማመንጫ አቆመ። በ1933 ከኢትዮጵያ ተባረረ። የአባቱ ልጅ ስለሆነ የውሃ ቀለም ሥዕልም ይሥል ነበር።

እንግዲህ ማቲስን ያነቁትን ሥዕሎች ያስቀመጠው ሰው ልጅ በእነዚህ መንገዶች ተመላልሷል። ይህ ለጉዳዩ ማስረጃ አይሆንም። ግን ከዚራ ተቀምጬ ሳወራው ኮሊዩር ሩቅ አገር አልመሰለኝም።

መስኮቱ

ከዚያ ክረምት ሥራዎች አንዱን ብቻ ጠጋ ብለን እንይ። ስሙ “የተከፈተው መስኮት” ነው። ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 46። ዛሬ ዋሽንግተን፣ ብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በስልኬ አወጣሁለት።

ሁለት የመስኮት መዝጊያዎች ወደ ውስጥ ተከፍተዋል። በግራ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ነው። በቀኝ ያለው ደማቅ ሮዝ። አንድ ክፍል ነው እኮ! ከደፉ ላይ የአበባ ማሰሮዎች፣ ዙሪያውን ሐረግ። ከዚያ ወዲያ ጀልባዎች። ምሰሶዎቻቸው ብርቱካናማ ናቸው። ባሕሩ ሮዝ ነው። ሰማዩም ሮዝና ሐምራዊ ነው። የብሩሹ አጣጣል በየቦታው ይለያያል። ግድግዳው ላይ ሰፋ ብሎ ይለቀለቃል። ሐረጉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ የድሮዋ ነጥብ ቅሪት ናት። ውሃው ላይ አግድም ይሳባል። አንዳንድ ቦታ ሸራው ሳይቀባ ቀርቷል። ባዶው ሸራ ራሱ ብርሃን ሆኖ ይሠራል።

ልብ በሉ፣ ባሕሩ ከሥዕሉ ጥቂቱን ቦታ ነው የያዘው። አብዛኛው ክፍሉ ነው። ባሕር ዳር የከረመ ሰው የሣለው ቤት ውስጥ ሆኖ የገባለትን ብርሃን ነው።

ፓሪስ በዚህ ተናደደች፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ልጁ ግን አልተናደደም። አየው፣ አየውና፦

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጁገል ነው።”

እውነቱን ነው። ጁገል ውስጥ በየጠባቡ መንገድ ሮዝ ግድግዳ ከሰማያዊው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። አረንጓዴው ከወዲያ ያያቸዋል። በዓል ሲደርስ እንደገና ይቀባል። ማንም “እብደት ነው” አይልም። የሐረሪ ቤት ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ነደባው፣ ከፍ ያለው መቀመጫ፣ ቀይ ነው፤ ሙዳዩ ግድግዳው ላይ በቀለም ይፈነዳል። ለፓሪስ እንደ ስድብ የታየው ነገር ለሐረር ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ይህ ልጅ ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሣለው? በሩን ሣለ እንጂ ብርሃኑን አልሣለም።

አውሬዎቹ

ማቲስ በመስከረም ወደ ፓሪስ ሲመለስ 15 ሸራ፣ 40 የውሃ ቀለምና ከ100 በላይ ንድፍ ይዞ ነበር። ደሬን ደግሞ 30 ሸራ፣ 20 ንድፍና ወደ 50 የሚጠጋ ረቂቅ። የሁለት ሰው የአንድ ክረምት ሥራ ነው። “መንፈሱ ሲመጣልኝ እሥላለሁ” ለሚሉ ጓደኞቼ ይህን ቁጥር ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። አይወዱኝም።

በጥቅምት በመጸው ትርኢት፣ ሰባተኛው ክፍል ውስጥ ሥራዎቻቸው ተሰቀሉ። ማቲስ ፓሪስ ከተመለሰ በኋላ የሣላትን አንዲት ሴትም ጨመረ። ትልቅ ባርኔጣ ያደረገች አሜሊ ናት። ፊቷ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሮዝ ተለቅልቋል። የባርኔጣ ሠሪዋ ሴት በራሷ ባርኔጣ። የለበሰችው ቀሚስ ምን ዓይነት ቀለም ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ማቲስ “ጥቁር ነዋ” አለ ይባላል።

ሰው ሳቀ። ሉዊ ቮሴል የሚባል ሃያሲ በክፍሉ መሐል አንድ የድሮ ዘይቤ የተከተለ ቅርጽ ቆሞ አየ። ዶናቴሎ፣ ያ የጥንቱ ጣሊያናዊ ቅርጽ ሠሪ፣ በዱር አውሬዎች መሐል ብሎ ጻፈ። “ፎቭ” ማለት አውሬ ነው። ስሙ በዚያው ቀረ። ሊዮ ስታይን የሚባል አሜሪካዊ ባርኔጣዋን ሴት ሲያይ እንዲህ ያለ አስቀያሚ የቀለም ልቅልቅ አይቼ አላውቅም አለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እሱና ቤተሰቡ በ500 ፍራንክ ገዟት። የማቲስ ቤት እስትንፋስ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

የኮሊዩር ንድፎች እዚያ አላበቁም። ከእነሱ ተነሥቶ በሚቀጥሉት ወራት “የሕይወት ደስታ” የሚባለውን ትልቅ ሥዕል ሠራ። በስተኋላው ክብ ሠርተው የሚጨፍሩ ሰዎች አሉ። ኮሊዩር ዳርቻ ላይ ዓሣ አጥማጆች ሲጨፍሩ ካየው የመጣ ነው ይባላል። ያቺ ክብ በ1909 እና 1910 ለብቻዋ ወጥታ “ጭፈራ” የሚባለው ሥዕል ሆነች።

ያው ከተማ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ

ጉዳዩን እዚህ ላይ ብዘጋው ባሕሩ አሸናፊ ይሆናል። ግን አንድ ነገር ቀርቷል።

ማቲስ ወደ ኮሊዩር ደጋግሞ ተመልሷል። በ1914 መጸውም ሄደ። ጦርነት ተነሥቷል። ልዝመት ቢል አልተቀበሉትም፤ አርባ አራት ዓመቱ ነው። እናቱ በጀርመን ጦር በተያዘው ሰሜን ቀርታለች። ያው ከተማ ነው። ያው ባሕር ነው። መስኮት ሣለ።

ይህኛው ትልቅ ነው። በግራ ሰማያዊ ጭረት፣ በቀኝ አረንጓዴና ግራጫ። መሐሉ፣ ባሕሩ መሆን የነበረበት ቦታ፣ ጥቁር ነው። ሙሉ በሙሉ። ጠጋ ብሎ በጎን ብርሃን ያየው ሰው ከጥቁሩ ሥር የሰገነቱን ፍርግርግ ያገኛል። መጀመሪያ ሥሎት ነበር፤ ኋላ ሸፈነው። አልፈረመበትም። በሕይወት ሳለ ለማንም አላሳየውም። ሕዝብ ያየው ከሞተ 12 ዓመት ቆይቶ በ1966 ነው። አሁን የፓሪሱ ፖምፒዱ ማዕከል ንብረት ነው።

ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት ፍርድ ይህ ነው። ሴን ትሮፔ ባሕር ነበር፤ ነጥብ ወጣ። ኮሊዩር በ1905 ባሕር ነበር፤ ሮዝ ወጣ። ኮሊዩር በ1914 ያው ባሕር ነበር፤ ጥቁር ወጣ። ባሕሩ አንድ ሆኖ ሦስት ነገር ከወጣ፣ ሰበቡን ባሕሩ ላይ ብቻ ማላከክ አይሆንም። በ1905 የተለየው ብዙ ነገር ባንዴ መግጠሙ ነው። የሰለቸው ሕግ ነበረው። የማይፈራ ጓደኛ ነበረው። የጎጋን ግድግዳ ነበር። ርካሽ አልጋና አራት ወር ያህል ጊዜ ነበረው። ብርሃኑ ደግሞ ጥላን ጥቁር አድርጎ የመሣል ልማዱን አላስችል አለው። ከሁሉ ለአንዱ ብቻ ድምፅ ስጥ ብባል ለጓደኛው እሰጣለሁ። ሰው ሊከራከረኝ ይችላል።

“እና ጅቡቲ አልሂድ?”

“ሂድ። ማን ከለከለህ? ብቻህን ግን አትሂድ።”

ተነሥተን በሌላው ቀን ደንገጎን ይዘን ወደ ሐረር ወጣን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ብርሃኑ ሲቀዘቅዝና ሲጠራ በመስኮት ይታያል። ልጁ ያን ቀን ስለ በሮቹ አላነሣም። መኪና ግርግር አጠገብ፣ ከሮዝ ግድግዳ ፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሕፃናት ከበቡት። አንዷ “ለምን ጥላውን ሰማያዊ አደረግከው?” አለችው። “አንቺ ምን ታዪዋለሽ?” አላት። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። “አረንጓዴ” አለች። ከወዲያ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ነበር። ብሩሹን አጥቦ አስተካከለው።

ጅቡቲ የሄደው ከወር በኋላ ነው፤ ብረት ቅርጽ ከሚሠራ ጓደኛው ጋር። ከመሄዱ በፊት ቤቴ መጥቶ ዕቃውን ሲያስተካክል ጥቁሩን የቀለም ቱቦ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

“ያስቀምጡልኝ ጋሼ።”

“ልጣለው?”

“አይ፣ አይጣሉት።” ትንሽ አሰበ። “የ1914ቱ ከመጣ እወስደዋለሁ።”

መስኮቱ ደፍ ላይ ነው ያለው። ክዳኑ ላይ የደረቀ ቀለም አለ።